ሶኬቱ ስለገጠመ ቻርጀሩ የባትሪው ነው ማለት አይደለም

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡና የያዘ ቡናውን ይዞ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያለም ሰልፉን ሳይለቅ ያንብብ።

ሰሞኑን ኢንቦክሴ በአንድ ጥያቄ ተሞልቷል። "ቲቸር፣ ለሪሞት ጀልባ የሚሆን ርካሽ ባትሪ የት ይገኛል?" ጥያቄው የመጣው የክበባችን ልጆች ከሃይላንድ ፕላስቲክና ከፎም የሠሯትን ጀልባ ቪዲዮ እዚህ ገጽ ላይ ከለጠፍኩ ወዲህ ነው። ብዙዎቻችሁ ሼር አድርጋችሁታል፣ አመሰግናለሁ። ከቪዲዮው በኋላ የሆነውን ግን አልነገርኳችሁም። አፍሬ ነው። ዛሬ እሱን ልናገርና ከዚያ ወደ ባትሪው ልግባ።

የዚያች ጀልባ ባትሪ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ተማሪያችን ቤት ውስጥ ነደደ።

ልጁ 10ኛ ክፍል ነው፤ ስሙን አልጠራም። ቀኑን መብራት ጠፍቶ ዋለና ማታ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ልጁ በማግስቱ ጀልባዋን ለጓደኞቹ ሊያሳይ ስለነበር ባትሪውን ቻርጀር ላይ ሰካው፣ አልጋ ሥር ገፋ አደረገውና ተኛ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ታናሽ እህቱ በጭስ ሽታ ነቃች። እናቱ ሮጠው ገብተው ገመዱን ነቀሉ፣ ያንን እሳት የሚተፋ ነገር በአካፋ አፍሰው ደጅ አወጡት። ፍራሹ በአንድ ጎኑ ከሰለ። የልጅቷ እጅ ትንሽ ተለበለበ፤ አሁን ድኗል፣ ተመስገን።

ጠዋት እናትየው ትምህርት ቤት መጡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልተቆጡም። "መምህር፣ ልጄ እንዲህ ያለ ነገር ሲሠራ እኔ ደስ ነው የሚለኝ" አሉኝ። "ግን እርስዎ ይሄ ነገር እንደሚነድ ያውቁ ነበር?"

አውቅ ነበር። እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። ቁጣቸው ይሻለኝ ነበር።

እንዴት ሆነ? ሪሞቱን ያገኘነው ከአንድ የተሰበረ የአሻንጉሊት መኪና ነው። ከመኪናው ጋር የመጣው ባትሪ ኒኬል የሚባለው ዓይነት ነበር፤ እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት የሆኑ ስድስት ሴሎች፣ በድምሩ 7.2 ቮልት። ሞቶ ነበር። ልጆቹ ከቆራሌ ከገዛነው አሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ሁለት ሊቲየም ሴሎች አውጥተው አንዱን ከአንዱ ቀጠሉ። እያንዳንዱ 3.7፣ ሁለቱ 7.4 ቮልት። 7.2 እና 7.4… ያው ነው አይደል? የመኪናው ቻርጀር ሶኬትም ልክክ ብሎ ገጠመ። እኔ ሽቦው የተበየደበትን አየሁ፣ ሞተሩን አየሁ፣ ውሃ እንዳያስገባ የተለጠፈውን አየሁ፣ "ጎበዞች!" ብዬ አለፍኩ። በምን ነው የምትሞሉት ብዬ አልጠየቅኩም።

ኒኬል ታጋሽ ነው። ቀስ ብሎ የሚሞላው ርካሽ ቻርጀር ከሞላ በኋላም መግፋቱን ባያቆም፣ ትርፉን ሙቀት አድርጎ ያወጣዋል፤ ዕድሜው ያጥራል እንጂ ብዙ ጊዜ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ርካሽ የአሻንጉሊት ቻርጀር "በቃ፣ ሞልቷል" የሚል አእምሮ የለውም፤ ዝም ብሎ ይገፋል። ሊቲየም ግን ትዕግሥት የለውም። አንዱ ሴል 4.2 ቮልት ላይ መቆም አለበት፤ ሁለቱ ሲቀጣጠሉ 8.4። ከዚያ በላይ ከተገፋ ውስጡ መበላሸት ይጀምራል፣ ይግላል፣ ግለቱ ራሱ ሌላ ግለት ይወልዳል፣ መጨረሻው አልጋ ሥር ያያችሁት ነው። ስለዚህ ያንን ቤት ሊያቃጥል የነበረው ባትሪው አሮጌ መሆኑ አይደለም። የሌላ ባትሪ ቻርጀር ላይ መሰካቱ ነው።

ትምህርት ቤቱ ምን ወሰነ? በስብሰባ ላይ "ባትሪ ነክ ሥራ በክበብ ደረጃ እንዳይሠራ" ተባለ። የኃላፊዎቹ ስጋት ይገባኛል፣ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን መጀመሪያ የሚመጣልኝ እሱ ነው። ግን አልስማማም። እነዚሁ ልጆች ስልካቸውን ትራስ ሥር ሰክተው ነው የሚያድሩት። ስሙ የማይታወቅ ፓወር ባንክ ቦርሳቸው ውስጥ አለ። አገራችን ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞራለች። ነገ የነዚህን መኪናዎች ባትሪ የሚከፍተው ማን ነው? ዛሬ ኮልፌ ላይ ሁለት ሴል ሲበይድ የሚከለከለው ልጅ አይደለም እንዴ? ከክበቡ ያስወጣነው ባትሪ ደግሞ የትም አይጠፋም፤ የሚሄደው ወደ አልጋ ሥር ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። እኔ በዲፕሎማዬ ኤሌክትሪሲቲ የማስተምር ሰው ነኝ፣ የባትሪ ኬሚስት አይደለሁም። ግን ስንት ባትሪ ገድያለሁ መሰላችሁ! ዋጋ አልጽፍላችሁም፤ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ ነገ ውሸት ይሆናል። የምነግራችሁ ገንዘቡን በምን ቅደም ተከተል እንደምታወጡ ነው። መጀመሪያ ቻርጀሩ፣ ቀጥሎ ባትሪው። ባትሪው አሮጌ፣ የተጣለ፣ ግማሽ አቅሙ ያለቀ ቢሆን ጀልባዋ ለአጭር ጊዜ ትሄዳለች እንጂ ምንም አትሆንም። ቻርጀሩ ላይ ግን አትቆጥቡ። ሁላችንም ይህንን ገልብጠን ነው የምናደርገው፤ ባትሪውን አገላብጠን መርጠን፣ ተከራክረን ገዝተን፣ ለቻርጀሩ ቤት ውስጥ የተገኘውን።

ለጀማሪ ምርጫዬ፣ ብዙዎቻችሁ ትስቁብኝ ይሆናል፣ የድሮው የሊድ ባትሪ ነው። ያ ሪቻርጀብል መብራት ውስጥ ያለው ባለ 6 ቮልት፣ 4.5 አምፒር ሰዓት። "ኧረ ቲቸር ድንጋይ እኮ ነው ክብደቱ!" አዎ፣ ሦስት ሩብ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለድሮን ቢሆን እኔም እምቢ እላለሁ። ለጀልባ ግን ክብደት ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። 9ኛ ክፍል የአርኪሜዲስን ሕግ ሳስተምር የተኛችሁ አሁን ንቁ፦ ሁለት ባለ ሊትር ተኩል ሃይላንድ ጎን ለጎን ብታስሩ ሙሉ በሙሉ ሲሰጥሙ ሦስት ሊትር ውሃ ይገፋሉ፣ ስለዚህ እስከ ሦስት ኪሎ ድረስ ይሸከማሉ። ባትሪው ከታች፣ መሀል ላይ ሲቀመጥ ጀልባዋ ነፋስ ሲመታት አትገለበጥም። የልጆቹ የመጀመሪያ ጀልባ በቀላል ባትሪ ሁለት ጊዜ ተገልብጣለች፣ ያ ቪዲዮ ላይ የለም።

ደግሞ ሪሞት ጀልባ ራሱ በዕድሜ ትልቅ ነገር ነው። ኒኮላ ቴስላ ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ያለ ሽቦ የሚታዘዝ ጀልባ ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው፣ እኛ አድዋ ላይ ካሸነፍን ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሊቲየም ባትሪ ገበያ ላይ የወጣው በ1991 ነው፤ የሊድ ባትሪ የተፈለሰፈው ደግሞ በ1859። ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ጀልባ ያለ ሊቲየም ሄዷል።

ሒሳቡን እንይ። ሞተራችሁ 2 አምፒር ቢበላ፣ 4.5 ለ 2 ሲካፈል ከሁለት ሰዓት በላይ ይመጣል። አትመኑት። ሊድ ባትሪን ከግማሽ በታች ደጋግማችሁ ካወረዳችሁት ቶሎ ይሞታል፣ ስለዚህ አንድ ሰዓት ብላችሁ ያዙ። አንድ ሰዓት ጀልባ መንዳት ደግሞ ብዙ ነው፤ ልጆቹ በተራ ለመንዳት ሳይጣሉ ይዳረሳቸዋል። (ይጣላሉ፣ ግን ትንሽ።)

አሮጌ ሊድ ስትገዙ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። ምናለሽ ተራ የሚሸጡት ሰዎች ቴስተር ስታወጡ ፊታቸው አይለወጥም፣ እንዲያውም አንዳንዱ አምፖል ሰክቶ ያሳያችኋል፣ ከሱ ግዙ። ባለ 6 ቮልት ባትሪ ውስጡ እያንዳንዳቸው 2 ቮልት የሆኑ ሦስት ክፍሎች አሉት። በደንብ የሞላና ያረፈ ከሆነ 6.4 አካባቢ ያነባል። 4 ቮልት ገደማ ካነበበ አንዱ ክፍል ሞቷል ማለት ነው፤ ሻጩ "ቻርጅ ስላልተደረገ ነው" ይላችኋል፣ አመስግናችሁ እለፉ። ጥሩ ካነበበም አምፖል አስቀጥላችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና እንደገና ለኩ። ያለ ሥራ ሲቀመጥ ጥሩ የሚያነብ፣ ሥራ ሲሰጠው የሚወድቅ ባትሪ ብዙ ነው።

ቻርጀሩ ደግሞ ለሊድ የተሠራ ይሁን። ለባለ 6 ቮልቱ 7.2 ወይም 7.3 ቮልት አካባቢ የሚቆም፣ ከረንቱም ከግማሽ አምፒር ብዙ ያላለፈ ከሆነ ቀስ ብሎ በሰላም ይሞላል። አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ባትሪውን ከመብራቱ ሳታወጡ በመብራቱ ገመድ ልሙላው እንዳትሉ፣ ወይም ሽቦ ቀጥላችሁ ወደ ጀልባዋ እንዳትወስዱት። ብዙዎቹ ርካሽ መብራቶች ውስጣቸው ትራንስፎርመር የላቸውም፤ ግድግዳ ላይ ሲሰኩ ባትሪው ከ220 ቮልቱ መስመር ጋር በቀጥታ ይገናኛል። እጃችሁ እርጥብ ነው፣ ጀልባዋ እርጥብ ናት። ይሄ እሳት አይደለም፣ ግን ከእሳት አይተናነስም።

ሊቲየም ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ለምትሉ። ከላፕቶፕ ባትሪ የሚወጣው ክብ ሴል 18650 ይባላል፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። ከቆራሌ ወይም ከኮምፒውተር ጥገና ቤት ይገኛል። አንድ የላፕቶፕ ባትሪ ሞተ ሲባል ብዙ ጊዜ የሞተው አንድ ወይም ሁለት ሴል ነው፤ የቀሩት ለጀልባ ይበቃሉ። እኔ ከ2.5 ቮልት በታች ወርዶ ያገኘሁትን አልነካም። ያበጠ፣ የዛገ፣ የሚሸት፣ ልባሱ የተላጠም እንደዚሁ።

አዲስ ነው ተብሎ "9900" የተጻፈበትን ግን ተዉት። እስካሁን በዓለም ላይ ጥሩ የሚባለው 18650 ሴል 3500 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ ነው። 9900 ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ቀለም ርካሽ ነው። ማወቂያው ሚዛን ነው፤ ትክክለኛ ሴል 45 ግራም ገደማ ይመዝናል። አንዱ ተማሪዬ ወርቅ ቤት ይዞ ሄዶ አስመዘነ፣ 30 ግራም እንኳ አልሞላም። ወርቅ ሠሪው "ምንድን ነው ይሄ?" ሲለው "ውሸት ነው" ብሎ መለሰለት አሉ። ልጁ እንዲህ መናገር ከየት እንደተማረ እንጃ።

የሊቲየሙ ቻርጀር ቲፒ 4056 የምትባል፣ ከቴምብር ብዙ የማትበልጥ ሰሌዳ ናት። ኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ የሚሸጡ ቤቶች ውስጥ ስሟን ጥሩ፣ ያውቋታል። 4.2 ቮልት ላይ ራሷ ታቆማለች፣ መብራቷም ቀለም ይቀይራል። ከሷ ጋር ባትሪውን ከመጠን በላይ ከመውረድ የሚጠብቅ መከላከያ ያለባትን ግዙ፣ የዋጋ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። ግን የአንድ ሴል ናት! ሁለት የተቀጠሉ ሴሎችን በሷ መሙላት አይቻልም። የኔ ዘዴ ሴሎቹን ከጀልባዋ አውጥቶ ለየብቻ መሙላት ነው። ያሰለቻል፣ ግን ጥቅም አለው፤ ሁለት አሮጌ ሴሎች መንታ አይደሉም፣ አንዱ ቀድሞ ይሞላል። አብረው ሲሞሉ የቀደመው ይጎዳል። ለየብቻ ሲሞሉ ሁለቱም እኩል 4.2 ይደርሳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ላርም። "የስልክ ቻርጀር እኮ አለኝ" የምትሉ አላችሁ። የስልክ ቻርጀር ስሙ ነው እንጂ ባትሪ አይሞላም፤ 5 ቮልት ያቀብላል፣ በቃ። ባትሪውን በልክ የሚሞላው አእምሮ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው። የቻርጀሩን ገመድ ቆርጣችሁ ሽቦውን ሴሉ ላይ በቀጥታ ካሠራችሁ 4.2 ላይ መቆም ያለበትን 5 ቮልት ትግቱታላችሁ። መሀሉ ላይ ያቺ ሰሌዳ ትግባ።

ዩቲዩብ ላይ የምታዩትን ሊፖ ለጀማሪ አልመክርም። ኃይል አለው፣ ቀላል ነው፣ ጀልባዋን ያስበርራታል። ግን ለስላሳ ከረጢት ነው፣ ሲጋጭ ይጎዳል፣ ባላንስ የሚያደርግ ቻርጀር ይፈልጋል፣ ቻርጀሩም የትኛውን ዓይነት ባትሪ እንደምትሞሉ በትክክል እንድትመርጡለት ይፈልጋል። ሊድ ብላችሁ መርጣችሁ ሊፖ ብትሰኩ ተመልሰን እዚያው አልጋ ሥር ነን። ከውጭ ሰው ሲመጣ አስልኩልን ለምትሉም፣ መለዋወጫ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ ይፈቀዳል። ቮልቱን በአምፒር ሰዓት አባዙት፦ 7.4 በ2.2 ሲባዛ 16 ነው፣ ችግር የለውም። ዘመዳችሁን ግን ቀድማችሁ ንገሩት፣ ኤርፖርት ላይ እንዳይጨነቅ።

ፊውዝ አትርሱ። ፕሮፔለሩ ሣር ወይም ፌስታል ሲጠመጠምበት ሞተሩ ይቆማል፣ የሚስበው ከረንት ግን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ከአሮጌ መኪና የወጣች ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ ቀጥሉ። እኛ ሰፈር የክረምት ውሃ ላይ ፌስታል የሌለበትን ቦታ ካገኛችሁ ንገሩኝ።

እኔ ልጅ ሳለሁ "ባትሪ" ማለት የእጅ መብራቱ ነበር፣ ውስጡ ያለው "የባትሪ ድንጋይ"። ድንጋዩ ሲያልቅ ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፣ በጥርሳችን እንነክሰዋለን፣ የአባቴ ሬዲዮም ለአንድ ዜና ያህል ነፍስ ይዘራ ነበር። እኔ ይህንን ለልጆቹ እንደ ጨዋታ ስነግራቸው ነበር። አሁን ሳስበው ያ ጨዋታ ትምህርት ሆኖባቸዋል። ባትሪ ማለት ቢነከስ፣ ቢሞቅ፣ ቢንገላታ ምንም የማይል ነገር መሰላቸው። ሊቲየምን ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ መውጋት፣ መቀጥቀጥ ቀልድ አይደለም። ይህንን ከቪዲዮው በፊት መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ድንገት ቢነሳ፣ መጀመሪያ ከግድግዳው ንቀሉ። ጭሱ መርዝ ነውና አትተንፍሱት፣ ልጆችን አስወጡ፣ 939 ደውሉ። ስትሞሉ ደግሞ ቀን፣ ሰው ባለበት፣ ሲሚንቶ ወይም ሸክላ ላይ። መብራት ማታ ከመጣ? ይቅር፣ ጀልባዋ ነገ አትሂድ። ያበጠውን ባትሪ ከቤት ቆሻሻ ጋር አትጣሉት፤ የኛ ሰፈር ቆሻሻ ላይ በእጁ እየፈለገ የሚኖር ሰው አለ። ቆሼ ላይ መጋቢት 2009 ከመቶ በላይ ሰው ሲቀበር ያየን ሰዎች ነን፣ እዚያ ያሉት ላይ ሌላ አንጨምር። የሊድ ባትሪን ቆራሌ ይገዛችኋል፣ ሳትከፍቱት ስጡት፤ ውስጡ አሲድና እርሳስ ነው።

እናትየውን ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄጄ አየኋቸው። ፍራሹን ለመተካት ትንሽ ነገር ይዤ ነበር፣ በስንት ልመና ተቀበሉኝ። ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ ቀና አላለም። ስንወጣ በር ላይ ጠብቆኝ "ቲቸር፣ ክበቡ በኔ ምክንያት ነው የተዘጋው?" አለኝ። በኔ ምክንያት ነው አልኩት። ያመነኝ አልመሰለኝም።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ ሰኞ አስገባለሁ። የጠየቅኩት ብዙ አይደለም፦ አንድ የብረት መደርደሪያ፣ አንድ ባልዲ አሸዋ፣ ለየባትሪው ዓይነት የሚሆን ቻርጀር፣ እና ባትሪ የሚሞላው በትምህርት ሰዓት እኔ ባለሁበት ብቻ እንዲሆን። ቻርጀሮቹን እኔ እገዛለሁ።

እስከዚያው ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ደጅ ጠረጴዛ አወጣለሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼ ቤቴን ታውቁታላችሁ፤ ቴስተር ያላችሁ አግዙኝ። ወላጆችም ኑ፣ ልጆቻችሁ ቤት ውስጥ የሰኩትን አብረን እንይ። ያጠራጠራችሁን ባትሪ ከነቻርጀሩ ይዛችሁ ኑ። ባትሪውን ብቻ ይዞ የመጣን ሰው ቻርጀሩን እንዲያመጣ እመልሰዋለሁ።